3 ጊዜ ነጥሬ አረፍኩ፦ በጋስት ንፋስ ሴስና 172 እንዴት ነው የምታሳርፉት?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን 31 ሰዓት በርሬያለሁ። ከዚያ ውስጥ 6ቱን ብቻዬን ነው። ትናንት በትንሿ አውሮፕላን በሴስና 172 ብቻዬን ሰርኪት (ተነስቶ፣ ዞሮ፣ መልሶ ማረፍ) ልሠራ ወጣሁ። ስነሳ ንፋሱ 8 ኖት (በሰዓት 15 ኪሎሜትር ገደማ) ነበር፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ፣ ጨዋ ንፋስ። ሦስተኛው ዙር ላይ ታወሩ (የበረራ ተቆጣጣሪው) "ንፋስ 300 ዲግሪ፣ 14 ኖት፣ ጋስት 24" አለኝ፤ ማለትም ንፋሱ ድንገት ድንገት 24 ይመታል። ራንዌዩ (ማኮብኮቢያው) 27 ነው፣ ማለትም ወደ 270 ዲግሪ። ልቤ ድው አለ።

ስለፈራሁ ፍጥነት ጨመርኩ። ሁልጊዜ ሙሉ ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወጣውን ክፍል) አውጥቼ በ65 ኖት ነው የምመጣው። ጋስቱ 10 ኖት ነው ብዬ 75 አደረግኩት። ለመጠባበቂያ ደግሞ 5 ጨመርኩ። ራንዌዩ ጫፍ ላይ ስደርስ 80 ነበርኩ። ፍሌር ሳደርግ (መሬት ከመንካቴ በፊት አፍንጫውን ቀና ሳደርግ) አውሮፕላኑ አልወርድም አለኝ። ይንሳፈፋል፣ ይንሳፈፋል፣ አሁንም ይንሳፈፋል። የራንዌዩ መጨረሻ ሲቀርብ አየሁና መሪውን ትንሽ ወደፊት ገፋሁት። ጓ! ነጠረ። ደግሜ ገፋሁት፣ ባሰበት። በሦስተኛው መሬት ያዘልኝ፤ ግን መሃል መስመሩን ለቅቄ ግራ ጠርዝ አካባቢ ነበር የቆምኩት።

እኔ አልተጎዳሁም። ጉልበቴ ግን እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ጥያቄዬ፦ ንፋሱ ነው ከአቅሜ በላይ የሆነው ወይስ እኔ ነኝ? አስተማሪዬ ጋ ከመሄዴ በፊት እዚህ ልጠይቅ ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ሼም ይዞኛል።

መፍቻ፦

ስለ ንፋሱ ሌሎቹ ይነግሩሻል። እኔ መካኒክ ነኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ለጥገና ሰዎች ተናግረሻል?

ጀማሪዋ፦

አልተናገርኩም። ዞሬ አይቼዋለሁ፣ ምንም የሆነ ነገር አይታይም።

መፍቻ፦

እህቴ፣ አሁኑኑ ደውዪ። 172 ላይ የፊት ጎማው እግር የተያያዘው ከፋየርዎሉ ጋር ነው፣ ማለትም ሞተሩንና ካቢኑን ከሚለየው ቆርቆሮ ጋር። አውሮፕላኑ በፊት ጎማው ሲወድቅ ምቱ ቀጥታ እዚያ ይሄዳል። ቆርቆሮው ይጨማደዳል፣ ሪቬቶቹ (ማያያዣ ምስማሮቹ) ይላላሉ። ይህንን ከውጭ ዞረሽ አታዪውም። ሽፋኑ ተከፍቶ፣ መብራት ይዞ የሚገባ ሰው ይፈልጋል። ፕሮፔለሩም ጫፉ መሬት ነክቶ ከሆነ የሞተሩ ጉዳይ ሌላ ምዕራፍ ነው። ነገ ጠዋት ያንን አውሮፕላን ይዞ የሚወጣው ሌላ ተማሪ ነው።

ጀማሪዋ፦

ደወልኩ። እስኪታይ ድረስ አይበርም ብለው አቆሙት። ማንም አልተቆጣኝም። እኔ ግን ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ።

ሲም ብቻ፦

አይዞሽ፣ ይሄ ማንም ላይ የሚደርስ ነው። እኔ በሲሙሌተር ብዙ ሞክሬዋለሁ። ፍጥነት ሕይወት ነው ይባላል፣ 80ው ትክክል ነበር። ችግሩ ራንዌዩ ማጠሩ ነው። ቀጣይ ጊዜ ረዘም ያለ ራንዌይ ምረጪ።

ጋሽ ሩደር፦

ልጄ ሲም፣ ቅንነትህን እወድልሃለሁ። ምክርህ ግን እቺን ልጅ ሁለተኛ ያስነጥራታል። ለ22 ዓመት ከቀኝ ወንበር ተቀምጬ ተማሪ ሲያሳርፍ አይቻለሁ። ሲነጥሩ ካየኋቸው ውስጥ በዝግታ የመጡት ጥቂት ናቸው። የሚበዙት ፈጥነው የመጡት ናቸው።

ጀማሪዋ፣ መጀመሪያ ንፋሱን እንመዝነው። ራንዌዩ 270 ነው፣ ንፋሱ 300። ልዩነቱ 30 ዲግሪ። በ30 ዲግሪ የጎን ንፋሱ የጠቅላላው ግማሽ ነው። ስለዚህ በጋስቱ ጊዜ 12 ኖት፣ በረድ ሲል 7 ኖት ከቀኝ ይገፋሽ ነበር። በ172 መመሪያ ላይ አምራቹ በሙከራ በረራ ያሳየው የጎን ንፋስ 15 ኖት ነው። አውሮፕላኑ ይችለው ነበር። 31 ሰዓት ላለው ተማሪ፣ ያውም ብቻውን ለሆነ፣ ግን ብዙ ነው። ከአቅሜ በላይ ነበር ወይ ላልሽው መልሴ "አዎ፣ ትንሽ" ነው። ያስነጠረሽ ግን ንፋሱ አይደለም።

ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። በጋስት ጊዜ ፍጥነት የምንጨምረው ለምን እንደሆነ ካልገባ ሰው ዝም ብሎ ይቆልላል። አውሮፕላን ክብደት አለው፤ ንፋሱ በቅጽበት ሲለወጥ እሱ አብሮት በቅጽበት አይለወጥም። 24 ኖት የነበረው ንፋስ ድንገት 14 ሲሆን፣ ከፊት የሚመጣው ድርሻ ከ21 ወደ 12 ይወርዳል። 9 ኖት ከፍጥነት መለኪያሽ ላይ ብድግ ብሎ ይጠፋል። በ65 እየመጣሽ ከሆነ 56 ሆንሽ ማለት ነው። በ172ኤስ (አንዱ የ172 ሞዴል ነው) ሙሉ ፍላፕ ወጥቶ ስቶል፣ ማለትም ክንፉ መሸከም የሚያቆምበት ፍጥነት፣ 40 ኖት ገደማ ነው። ስለዚህ እዚያው አትወድቂም። ግን አውሮፕላኑ ይሰምጣል፣ መሬት ቅርብ ከሆንሽ ደግሞ ለማስተካከል ጊዜ የለሽም።

ለዚህ ነው የጋስቱን ግማሽ የምንጨምረው። ጋስት ማለት በ24 እና በ14 መካከል ያለው ልዩነት ነው፣ 10። ግማሹ 5። 65 ሲደመር 5፣ 70። ያ 9 ኖት ቢጠፋብሽ እንኳ 61 ላይ ነሽ። 61 ደግሞ የ172ኤስ መመሪያ ለአጭር ራንዌይ የሚሰጠው ፍጥነት ነው። ማለትም በክፉው ቅጽበትም አውሮፕላኑ የሚያውቀው ፍጥነት ላይ ነሽ።

አንቺ 80 መጣሽ። በረድ ሲል 71፣ ሲነፍስ 89። በዚያ ፍጥነት ክንፉ መብረር ነው የሚፈልገው። የጉልበቱ ነገር በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚሄደው። 80ን ለ65 አካፍለሽ ካሬ ብታደርጊው አንድ ተኩል ይመጣል። ሃምሳ በመቶ ትርፍ ጉልበት ይዘሽ መጥተሽ "ለምን አይወርድም" አልሽ። ያንን ጉልበት መጨረስ ያለበት አየሩ ነበር። አንቺ ግን በመሪው ገፍተሽ በጎማው ልታስጨርሺው ሞከርሽ።

ይኸው ነው ነገሩ። መሪውን ወደፊት ስትገፊ የፊት ጎማው ቀድሞ መሬት ይነካል። ስለዚህ አፍንጫው ወደ ላይ ይወረወራል። ክንፉ አሁንም ፍጥነት ስላለው እንደገና ይነሳል። አንቺ እንደገና ትገፊያለሽ። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ይብሳል፤ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ የፊት እግሩ ይሰበራል። ዕድለኛ ነሽ።

ሲም ብቻ፦

ጋሼ፣ ገባኝ። ሲሙሌተሩ ላይ የፊት እግር አይሰበርም፣ እውነት ነው።

ባለ152፦

ጋሽ ሩደር ያሉት ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሙሉ ፍላፕ ለምን? እኔ ጋስት ሲኖር ከ20 ዲግሪ አላልፍም። የ172 መመሪያውም ጠንካራ የጎን ንፋስ ሲኖር ለራንዌዩ ርዝመት የሚበቃውን ትንሹን ፍላፕ ተጠቀም ነው የሚለው። ፍላፕ ሲበዛ አውሮፕላኑ እንደ ጃንጥላ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ምት ያነሳዋል ይጥለዋል።

ጋሽ ሩደር፦

መመሪያው እንደዚያ ይላል፣ አልክድም። ግን ልብ በል፣ ፍላፕ ሲቀንስ ስቶሉ ከፍ ይላል፣ መንሳፈፉ ይረዝማል፣ አፍንጫውም ከፍ ስለሚል ፊት ለፊት ማየት ይከብዳል። ይቺ ልጅ ያረፈችው ሁሉ በሙሉ ፍላፕ ነው። ነገሩ በከበደበት ቀን የማታውቀውን ዓይነት ማረፍ መጀመሪያ ጊዜ እንድትሞክር አልፈልግም። ፍላፕ 20 ይሁን፤ ግን ንፋስ በሌለበት ቀን፣ ከአስተማሪዋ ጋር ለምዳው።

ባለ152፦

በዚህ እስማማለሁ። ይቅርታ፣ እኔ ከራሴ አንጻር ነበር የተናገርኩት።

ደመና ቆጣሪ፦

የአየር ሁኔታ ተመልካች ነኝ። ሰው ስለ ጋስት ሪፖርት የማያውቀው ነገር አለ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ሜታር (የአውሮፕላን ማረፊያ የአየር ሁኔታ ሪፖርት) ላይ ጋስት የሚጻፈው ባለፉት 10 ደቂቃዎች የታየው ከፍተኛ ንፋስ ከአማካዩ በ10 ኖት ወይም ከዚያ በላይ ሲበልጥ ነው። ስለዚህ አማካዩ 14 ሆኖ አልፎ አልፎ 22 ቢመታ ሪፖርቱ ላይ "14" ብቻ ልታዪ ትችያለሽ። ጋስት አልተጻፈም ማለት ንፋሱ ረጋ ያለ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሜታር ላይ ያለው የንፋስ አቅጣጫ ከእውነተኛው ሰሜን የተለካ ነው። ታወር በሬዲዮ የሚነግርሽ ግን ከማግኔቱ ሰሜን ነው፣ የራንዌይ ቁጥሩም እንደዚሁ። የሁለቱ ሰሜኖች ልዩነት ትልቅ የሆነበት አካባቢ ከሆነ፣ ሜታር አይተሽ ያሰላሽው የጎን ንፋስ ይሳሳትብሻል።

ሦስተኛ፣ ዊንድሶኩን (ንፋስ የሚያሳየውን የጨርቅ ከረጢት) ማየት ልመጂ። ብዙዎቹ 15 ኖት አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋሉ። ከዚያ በላይ 20 ይሁን 30 አይለይም። እኔ የማየው መዘርጋቱን ሳይሆን ጠባዩን ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ንፋሱ ጠንካራ ግን የታመነ ነው። ተዘርግቶ ድንገት እንደ እርጥብ ፎጣ ጠብ የሚል፣ ጭራውን ግራ ቀኝ የሚያወናጭፍ ከሆነ ያ ነው የሚያስቸግርሽ።

ደግሞ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆያ አዳራሽ) ወይም ዛፍ ካለ ከጀርባው አየሩ ይታመሳል። ሃንጋሩ ትይዩ ስትደርሺ ንፋሱ ድንገት ይጠፋል፣ አልፈሽው ስትሄጂ ተመልሶ ይመታሻል።

አንድ የመጨረሻ። ንፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ከ8 ወደ 24 የዘለለው በአቅራቢያው ነጎድጓዳማ ዳመና ስላለ ከሆነ፣ ስለ ማረፍ ቴክኒክ ማውራት የለብንም። ከዚያ ዳመና ሥር የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ዝናቡን በብዙ ኪሎሜትር ይቀድማል፤ አቅጣጫውንም ሙሉ በሙሉ ሊገለብጠው ይችላል። ያን ጊዜ ርቆ መጠበቅ ወይም ሌላ ቦታ መሄድ ነው።

ጀማሪዋ፦

ዳመና አልነበረም፣ የቀትር ፀሐይ ነበር። ሃንጋር ግን አለ፣ በቀኝ በኩል፣ ልክ ፍሌር የማደርግበት ቦታ ላይ! ለአንድ ዓመት ሳየው አንድም ቀን ከንፋስ ጋር አላያያዝኩትም።

ሌላ ጥያቄ። ወደ ግራ የተንሸራተትኩት ለምንድን ነው? እየመጣሁ ሳለ አፍንጫዬን ወደ ንፋሱ አዙሬ መስመሬን ይዤ ነበር። ልክ ልነካ ስል በሩደር (በእግር በሚሠራው የጅራት መሪ) አቃናሁት። ከዚያ ወደ ጎን ሄደ።

ባለ152፦

ይሄ የእኔ ርዕስ ነው። አፍንጫ ወደ ንፋሱ አዙሮ መምጣት ክራብ ነው። ሲያቃኑት መንሸራተቱን የሚከለክለው ነገር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በሩደር ባቃናሽበት ቅጽበት የቀኝ ክንፍሽ፣ የንፋሱ ክንፍ፣ ዝቅ ማለት ነበረበት። አንቺ እግርሽን ብቻ ሠራሽ፣ እጅሽ ረሳ። ንፋሱ ደግሞ አልረሳሽም።

አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ክራብ ይዞ ይመጣና ፍሌር ላይ ያቃናል። ቆንጆ ነው፣ ግን የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው፣ ሰከንዷን ከሳትሽ አለቀ። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ቀደም ብሎ፣ ፋይናል (ወደ ራንዌዩ ቀጥ ብሎ የሚመጣበት የመጨረሻ መስመር) ላይ ገና መሬት ሳይቀርብ፣ ወደ ክንፍ ዝቅ መግባት ነው። አይሌሮን (በእጅ መሪ የሚሠራው፣ ክንፍ የሚያዘነብለው) ወደ ንፋሱ፣ ሩደር በተቃራኒው። ሥራቸውን ለይተሽ ያዢ፦ አይሌሮን መንሸራተቱን ያቆማል፣ ሩደር አፍንጫውን ከራንዌዩ ጋር ያስተካክላል። መስመር ከለቀቅሽ እጅ ነው። አፍንጫው ከተጣመመ እግር ነው።

ሌላ ጥቅምም አለው። ሩደሩን እስከ መጨረሻው ረግጠሽ አፍንጫው አሁንም ካልተቃና፣ ይህ ንፋስ ከአውሮፕላኑ አቅም በላይ ነው ማለት ነው። ይህንን ከፍ ብለሽ ማወቅ ይሻላል።

ሲም ብቻ፦

በዚህ ዓይነት በአንድ ጎማ ልታርፍ ነው ማለት ነው?

ባለ152፦

አዎ! መሆን ያለበት እሱ ነው። መጀመሪያ የንፋሱ ጎማ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ በመጨረሻ የፊቱ። ሁለት የኋላ ጎማ እኩል እንዲነካ ብለሽ ክንፉን ካቃናሽ እንደገና ትንሸራተቻለሽ፤ ጎማው በጎኑ ይነካል።

ከነካሽ በኋላም ሥራው አላለቀም። ይህን በራሴ ነው የተማርኩት። 60 ሰዓት ገደማ እያለኝ፣ የጎን ንፋሱ ለ152 (ከ172 ለሚያንሰው ሴስና) የተጻፈው 12 ኖት አካባቢ ነበር። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሁለቱንም አበላሸሁ። ከሃንጋሩ በር ላይ ጓደኞቼ ቆመው ያያሉ። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው እኔን ነው። በሦስተኛው አረፍኩ፣ ደስ ብሎኝ እጄን አላላሁ። ፍጥነቱ ሲቀንስ አይሌሮኑም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እየቀነስኩ በሄድኩ ቁጥር ወደ ንፋሱ መጨመር ነበረብኝ። እኔ ለቀቅኩት። ጋስቱ መጣ፣ የንፋሱን ክንፍ አነሳው፣ አፍንጫውን ወደ ንፋሱ አዞረው፣ ሳር ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ "ገበሬው" ይሉኛል።

መፍቻ፦

ያን ሳር ከጎማ ውስጥ የሚለቅመው ሰው ምን እንደሚልህ አልነገሩህም መሰለኝ።

ጀማሪዋ፦

ሃሃ! ጋሽ ሩደር፣ አንድ ያልገባኝ አለ። ያን ጊዜ ተንሳፍፌ ራንዌዩ ሲያልቅ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ? መሪውን ካልገፋሁ ሌላ ምን አለ?

ጋሽ ሩደር፦

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። መልሶ መነሳት አለ። ጎ አራውንድ። ተማሪዎች ይህንን እንደ ሽንፈት ያዩታል፣ እኔ ደግሞ ማረፍን ነው ቢሳካ እሰየው የምለው። በጋስት ቀን ፋይናል ስገባ ሐሳቤ "መልሼ እነሳለሁ፣ ሁሉም ነገር ካማረ ብቻ አርፋለሁ" ነው። እንደዚያ ስታስቢ እጅሽ ስሮትሉ (የሞተር ጉልበት መስጫው) ላይ ዝግጁ ይሆናል።

ለራስሽ አንድ ቦታ ምልክት አድርጊ። የራንዌዩ የመጀመሪያ ሲሶ ካለቀና ጎማሽ ካልነካ፣ አበቃ፣ ትነሺያለሽ። ክርክር የለም። ከነጠርሽም እንዲሁ። ትንሽ ከሆነ አፍንጫውን እንዳለ ይዘሽ፣ ጥቂት ፓወር ጨምረሽ መልሰሽ ማሳረፍ ትችያለሽ። ከፍ ብለሽ ከነጠርሽ ግን ሙሉ ፓወር።

አነሳሱን ደግሞ በደንብ ተለማመጂ፣ ምክንያቱም እሱም ያደናግራል። ሙሉ ፓወር ስትሰጪ በሙሉ ፍላፕ የተስተካከለው ትሪም (የመሪውን ጫና የሚያቀለው ማስተካከያ) አፍንጫውን ወደ ላይ ይተኩሰዋል። መሪውን ወደፊት ተጭነሽ መያዝ አለብሽ። ቀኝ እግር አብሮ ይገባል። ፍላፑን ወደ 20 መልሺ፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም እንዳትሰበስቢ፣ ትሰምጫለሽ። መውጣት ስትጀምሪ ቀሪውን ቀስ በቀስ። ሬዲዮው መጨረሻ ነው፣ ታወሩ ዓይን አለው።

እጅና እግርሽን ለመለየት ደግሞ አንድ ልምምድ አለ። አስተማሪሽን ጠይቂው። ረጅም ራንዌይ ላይ፣ የጎን ንፋስ ባለበት ቀን፣ ትንሽ ፓወር ይዛችሁ ሳታርፉ ከመሬት ጥቂት ሜትር ከፍ ብላችሁ መሃል መስመሩን ተከትላችሁ ሂዱ። ክንፍሽን ዝቅ አድርገሽ፣ አፍንጫውን አቃንተሽ። ሃንጋሩ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ትሰሚዋለሽ። ከዚያ መልሳችሁ ተነሱ። አንድ ሰዓት እንዲህ መሥራት ከ20 ማረፍ ይበልጣል። እሱ አብሮሽ ከሌለ ግን አትሞክሪው።

ጀማሪዋ፦

ከ9 ቀን በኋላ ተመለስኩ።

መጀመሪያ አውሮፕላኑ፦ ፋየርዎሉ ደህና ነው፣ ፕሮፔለሩም አልነካም። የፊት እግሩ ላይ አንድ ነገር ቀይረዋል፣ ስሙን ነግረውኝ ረሳሁት። ሂሳቡን አልጠየቁኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ለአስተማሪዬ ሁሉንም ነገርኩት። 80 ስለው ዝም አለ። ሃንጋሩን ስነግረው ሳቀ። ትናንት ንፋሱ 310 ዲግሪ፣ 12 ጋስት 20 ነበር። 40 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ የጎን ንፋሱ በጋስቱ 13 ይጠጋል። የጋስቱ ግማሽ 4፣ ስለዚህ 69 ይዤ መጣሁ። ዝቅ ያለውን ልምምድ አራት ጊዜ ሠራን። ሃንጋሩ ጋ ስደርስ ንፋሱ ጥፍት ሲል ተሰማኝ፣ ክንፌ ብቻውን ወደ ቀኝ ሊጎትተኝ ሲል እጄ ራሱ መለሰው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ለማረፍ መጣሁ። የመጀመሪያውን ፍሌር ላይ ከፍ አልኩ፣ ተነሳሁ። ማንም ሳይለኝ! ሁለተኛው ላይ ቀኝ፣ ግራ፣ የፊት። ጩ፣ ጩ፣ ዶፍ። መሃል መስመሩ በእግሮቼ መካከል ነበር።

ታክሲ ስናደርግ (መሬት ላይ ስንነዳው) ግን ንፋሱ ከኋላ በቀኝ ሆነና መሪውን እንደነበረ ወደ ቀኝ ይዤ ሄድኩ። አስተማሪዬ ከእጄ ነጥቆ ወደ ግራና ወደፊት ገፋው። ከኋላ ሲመጣ ከንፋሱ መሸሽ ነው ለካ።

ጋሽ ሩደር፦

ጎበዝ! ያቺን የመጀመሪያዋን ነው የወደድኩልሽ፣ የተነሳሽባትን።

ባለ152፦

"ገበሬው" የሚለውን ስም የሚወስድልኝ አገኘሁ ብዬ ነበር። ቀረብኝ።

መፍቻ፦

ስታቆሙት ገመዱ ታስሯል?

ጀማሪዋ፦

ታስሯል። የመሪ መቆለፊያውንም አስገብቻለሁ።

መፍቻ፦

እሺ።